የወንድሜን ስም ያስመለስንበት ቀን

ባለፈው ማክሰኞ በአውቶቡስ ጋራዡ ካንቲን ምሳዬን እየበላሁ ሳለ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ስለ ሚሳይል መከላከያ ያሳይ ነበር። ድምፁ ተዘግቷል፤ ሥዕሉን ብቻ ነው ያየሁት። ከመሬት አንድ ነገር ተተኮሰ፤ ሰማይ ላይ ሌላ ነገር መታ፤ ነጭ ብርሃን ሆነ። ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚወጣ፣ ለዩኒቨርሲቲዎችም ከዚያው እንደሚደርሳቸው ይናገራል። አጠገቤ የተቀመጠው የአገሬ ልጅ፣ እሱም እንደኔ ሾፌር ነው፣ ሹካውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስሮ፣

«ጎሽ! እንዲህ ይጠብቁን እንጂ» አለ።

«በዚህ ገንዘብ ሊሠራ ሲችል ያልተሠራውንስ ማን ይቆጥረዋል?» አልኩት።

«ምን ሆነሃል ዛሬ? ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

አልበላሁም። ወንድሜ አንዋር ትዝ አለኝ። ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሰው ሐዘን ያልቃል ይላል፤ የእኔ አላለቀም። ዝም ብሎ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ አንድ ቴሌቪዥን ይበቃዋል። ስለዚህ ያኔ የሆነውን ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ብዙ አልተማርኩም፤ ከዚህ በፊት የጻፍኩት የሥራ ማመልከቻ ብቻ ነው። ግን ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች እያነሱ ነው።

አባቴና አንዋር ቀድመውን ነበር ለንደን የገቡት። እኔና እናቴ የተከተልናቸው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ አዲስ አበባ ወታደር በየመንገዱ በቆመበት ጊዜ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አሥረኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ቤታችን ሃርልስደን፣ ከአንድ የጃማይካ ዳቦ ቤት በላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት የፓቲ ሽታ በመስኮት ይገባል። ፓቲ ማለት ሥጋና ቃሪያ የተሞላ ቢጫ ቂጣ ነገር ነው። ሥጋው ሐላል ስላልሆነ አንበላውም ነበር። ረመዳን ሲሆን እናቴ «ይኸው፣ አፍንጫችን ጾሙን ገደፈ» ትል ነበር።

አባቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። እናቴ ካምደን ባለ ሆስፒታል የጽዳት ሥራ አገኘች። የደረሳት ክፍል ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ነበር። አንድ እሁድ፣ ምሳ ላይ፣ ስለ እነሱ ነገረችን። የሕፃናቱን ሙቀት የሚለካው ሽቦ ቆዳቸው ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ፕላስተሩ ሲነሳ ቆዳቸውም አብሮ ይነሳል።

«እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እኮ ነው ቆዳቸው» አለች። «ድምፅ እንኳ የላቸውም፣ አፋቸውን ብቻ ይከፍታሉ።»

አንዋር ማንኪያውን አስቀመጠ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ይማራል። ትምህርቱ ሙቀትን ከሩቅ የሚያይ መሣሪያ ነው። እኔ የሚገባኝ ይህን ያህል ብቻ ነው፦ ማንኛውም ትኩስ ነገር ዓይናችን የማያየው ብርሃን ያወጣል፤ አንዋር ያንን የሚያይ ዓይን ይሠራል።

«እማዬ፣ ሳይነኩ መለካት እኮ ይቻላል» አላት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሕፃኑ የሚተኛበት የመስታወት ሳጥን ምን ያህል ይሰፋል? ከጣሪያው ምን ያህል ይርቃል? እናቴን ይጠይቃታል፤ እሷም በመወልወያዋ እንጨት ለክታ ትመጣለች። «አንድ እንጨት ተኩል» ትለዋለች። እሱም ደብተሩ ላይ እንዳለችው ይጽፈዋል፤ አንድ እንጨት ተኩል። ከዚያ እንጨቱ ራሱ ስንት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ሆስፒታሉ ድረስ ሄደ። መወልወያ ሊለካ የመጣ ምሁር ብለው ነርሶቹ ሲስቁበት ዋሉ።

ዓመት ሳይሞላ ለትምህርቱ የተሰጠው ገንዘብ አለቀ። አንዋር ለየሆስፒታሉና ለየበጎ አድራጎት ድርጅቱ አፕላይ አደረገ። «ሐሳቡ መልካም ነው፤ ዘንድሮ ግን በጀት የለንም» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። በኋላ የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር አስጠሩት። አንድ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ያንኑ ዓይን ይፈልገዋል አሉት። ሚሳይል ሲበር ይሞቃል፤ ያንን ሙቀት ከሩቅ ለይቶ አይቶ ለመምታት ነው። ኩባንያው ትምህርቱ እስኪያልቅ ይከፍልለታል። ሥራው ግን ወደ እነሱ ይዞራል። የሕፃናቱ ነገር «በኋላ ይታያል»።

አንዋር እምቢ አለ። ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቀን ነበር፣ መስከረም ማለቂያ ግድም። አንዋር ኬኒንግተን ከተማሪዎች ጋር ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋ እሄዳለሁ። መናፈሻው ውስጥ ኳስ እንጫወታለን። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሣሩ ላይ ረግፏል፤ ፀሐይዋ አለች ግን አትሞቅም። ሁለት ጃኬት አስቀምጠን ጎል አደረግን።

«ግባ ጎሉ ውስጥ፣ አንተ ፍሬሽ» አለኝ። አዲስ መጤ እዚህ ፍሬሽ ይባላል። እስኪሞት ድረስ ለእሱ ፍሬሽ ነበርኩ። «በቀኝህ ልመታ ነው፣ ቀስ ብዬ። ሦስት ስል ነው የምመታው።»

መታ፤ ያዝኩ። እንደገና በቀኝህ አለኝ፤ መታ፤ ያዝኩ። አጨበጨበ።

«የዓለም አንደኛ በረኛ! ሂድና ለመንግሥት ንገር፣ አሁኑኑ ይቀጥሩሃል።»

«ምን ታሾፍብኛለህ?»

«አላሾፍም። ሚሳይል መከላከያ ብለው የሚፈትኑት እንዲህ ነው። መቼ እንደሚተኮስ ያውቃሉ፣ ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ። ከዚያ መታን ብለው ያጨበጭባሉ። ና፣ አሁን ደግሞ የእውነቱን እንሞክር።»

ሣሩ ላይ ቺፕስ የሚበሉ ሦስት ጓደኞቹን ጠራ። አንዱ የተጠቀለለ ሹራብ፣ አንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንዱ ነፋስ የሌለው አሮጌ ኳስ እግሩ ሥር አደረገ። አራቱም እኩል ሮጠው መጡና እኩል መቱ። እኔ ተወርውሬ ጠርሙሱን ያዝኩ። ኳሱ በሌላ በኩል ገባ። አንዋር ሣሩ ላይ ተንከባለለ።

«ጠርሙስ! ጠርሙስ አዳነ! አገር ጠበቀ!»

እኔም ሳቅሁ፣ ክርኔ ተልጦ እየደማ። ሌሎቹ ወደ ቺፕሳቸው ሲመለሱ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጠፈር ላይ አየር የለም» አለኝ። «ፊኛና ቦምብ እኩል ነው የሚበሩት። ጠላት አንድ ቦምብ ከብዙ ፊኛ ጋር ቢልክ የእኔ ዓይን የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ፕሮፌሰሩም ያውቃሉ። ጠየቅኋቸው።»

«ምን አሉህ?»

«‹መሥራት አለመሥራቱን ተወው፣ ገንዘቡ ግን እውነተኛ ነው› አሉኝ።» ከዚያ ሳቁን ተወ። «ስማኝ። ቢሠራም አልሠራላቸውም። ጋሻ አለኝ ያለ ሰው ለመምታት ይደፍራል። ጋሻው የማይሠራ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ለአባባ ግን እንዳትነግር።»

«ለምን?»

«‹እሺ በል› ይሉኛላ። እሳቸው ካሉኝ እምቢ ማለት አልችልም። ገንዘቡ አልመጣም ብያቸዋለሁ፣ በቃ። ወላሂ በል።»

ወላሂ አልኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ መሐላ ቀላል መስሎኝ ነበር።

አባቴ «ልጄ ሊጨርስ ነው፣ መሐል ላይ አይቆምም» ብለው ወጪውን ለመሸፈን ቅዳሜና እሁድም መንዳት ጀመሩ። ጉልበታቸው ያብጥ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ እግራቸውን በሞቀ የጨው ውሃ የማጥበው እኔ ነኝ። እያጠብኩ ያንን ነገር አፌ ውስጥ እይዛለሁ። አንዳንዴ ሊወጣ ይደርሳል፤ እውጠዋለሁ።

በጥር፣ በዚያው መናፈሻ፣ አንዋር ኳስ ሲጫወት ወደቀ። ልቡ ነው አሉን። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቀርቼ ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ለቅሶው ቤታችን ሆነ። ጫማ ከደረጃው እስከ ዳቦ ቤቱ በር ተደረደረ። የሶማሌ ጎረቤታችን በትልቅ ድስት ሩዝ ታመጣለች፤ ጃማይካዊው ዳቦ ጋጋሪ ሥጋ ያልነካው ዳቦ በከረጢት ይልካል። በእኛ ወግ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ለሚናገረው ሁሉ «አሚን» ይባላል። ያመጣው አይመለስም። ፊት ለፊት እምቢ አይባልም፣ ጠላት እንኳ ቢሆን።

በሦስተኛው ቀን ፕሮፌሰሩ መጡ። ግራጫ ሱፍ የለበሰ ሰው አብሯቸው ነበር። ሁለቱም ጫማቸውን አወለቁ። የፕሮፌሰሩ ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣታቸው ይታያል፤ እናቴ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል አይታ አዘነችላቸው። ምንጣፉ ላይ ጉልበታቸውን ማጠፍ ተቸግረው እንደምንም ተቀመጡ። ባለ ግራጫው ሰው ከኩባንያው ነኝ አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ልጅዎ ድንቅ ሰው ነበር» አላቸው አባቴን። «በየዓመቱ ለአንድ ጎበዝ ተማሪ በስሙ ሽልማት መስጠት እንፈልጋለን። ይፈቅዱልናል?»

አባቴ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት፣ «እሺ። አላህ ይስጥልኝ» አሉ።

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አንዋር እምቢ እንዳላቸው እዚያው ልናገር ነበር። ግን እኔንም ወጉ ያዘኝ፤ ሰውየው እስኪወጣ ድረስ «አሚን» ስል ቆየሁ።

መጋቢት ላይ የጥሪ ደብዳቤ መጣ። የአንዋር ከድር ሽልማት ይላል። የስሙ ሰሌዳ ይገለጣል፣ ቤተሰቡ በክብር ተጋብዟል። እናቴ የአባቴን ሸሚዝ መተኮስ ያዘች።

«አባባ፣ ይቅርብን» አልኩ።

«ምን ሆነና ነው የሚቀረው? ቃል ሰጥቻለሁ። ሰዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ቤቴ ገቡ። ስሙ ቢኖር ምን ክፋት አለው?»

«የጦር መሣሪያ ሰዎች ናቸው።»

«አንተ ደግሞ! የሞተ ልጄን ስም በክብር ጠሩ እንጂ ጠመንጃ ስጡን አላሉ።»

ወንድሜ እምቢ ያለው ይህን ነው ልል አፌን ከፈትኩ። መሐላው አለ። ከመሐላው የባሰው ግን ሌላ ነው። ይህን ካወቁ፣ ልጃቸው እንደዋሻቸው ያውቃሉ፤ ያ ሁሉ ቅዳሜና እሁድ፣ ያ ሁሉ ያበጠ ጉልበት፣ ልጃቸው አውቆ ያመጣው እንደሆነ ያውቃሉ። በሞተ ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ለአባት ይነገራል? ዝም ብል ደግሞ ስሙ ለእነሱ ይሆናል፤ በየዓመቱ አንድ ተማሪ በአንዋር ስም ወደዚያ ሥራ ይገባል። ስምንት ቀን እንዲህ ሆኜ ቆየሁ።

በቀኑ አውቶቡስ ይዘን ሄድን። እናቴ የአንዋርን ፎቶ በፎጣ ጠቅልላ ታች ተቀመጠች። እኔና አባቴ ላይ፣ ከፊተኛው መስታወት ሥር ነበርን። በየግቢው ቢጫ አበባ ፈክቷል፤ ዝናቡ ግን አላቆመም። ግማሽ መንገድ ላይ ነገርኳቸው።

«አባባ፣ አንዋር ይህን ገንዘብ እምቢ ብሏል።»

«የቱን ገንዘብ?»

«የእነዚህን ሰዎች። ትምህርቱን እስኪጨርስ ሊከፍሉለት ነበር። አልመጣም ያላችሁ፣ እምቢ ብሎ ነው።»

ሁለት ፌርማታ አለፈ።

«መቼ ነው?»

«መስከረም ላይ።»

«መስከረም ላይ እኔ እሁድም እነዳ ነበር።»

«አዎ።»

«አንተ ታውቅ ነበር።»

«አስማለኝ።»

«እግሬን እያጠብክ ታውቅ ነበር» አሉ። እንዲያውም ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን እምቢ አለ?»

እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ጠርሙሱን፣ ፊኛውን፣ የእናቴን ሕፃናት። «ለሕፃናቱ የሠራውን ዓይን ለሚሳይል ፈለጉት። ያውም የማይሠራ ነገር ነው፣ እነሱም ያውቃሉ» አልኩ። አባቴ መስታወቱን የሚያብሰውን መጥረጊያ ይመለከታሉ።

«ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

«‹እሺ በል ይሉኛል› ብሎ ፈራ።»

«ደወሉን ተጫን» አሉ። «ደርሰናል።»

የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ጣት የሚያካክሉ ሳንድዊቾች፣ ወይንና የብርቱካን ጭማቂ ነበር። የአንዋርን ፎቶ ከእናቴ ተቀብለው ሰማያዊ ጨርቅ ከለበሰው ሰሌዳ አጠገብ አቆሙት። ከፎቶው ጀርባ የኩባንያው ትልቅ ፖስተር አለ፤ ሰማይ ላይ የተሰመረ አንድ ነጭ መስመር። ሰው ሁሉ ትሑት ነበር። ይህን መካድ አልችልም፤ ሲያነጋግሩን ጎንበስ ይሉ ነበር። ፕሮፌሰሩ ወጥተው ስለ አንዋር መልካም መልካሙን ተናገሩ። ከዚያ «ከአጋራችን ጋር በአንድ ራእይ...» ማለት ሲጀምሩ ተነሳሁ። አባቴ ጃኬቴን ሳብ አደረጉ። አልተቀመጥኩም።

እንግሊዝኛዬ ያኔ እንኳን ለአዳራሽ ለሱቅም አይበቃም ነበር።

«ይቅርታ» አልኩ። «ወንድሜ... ወንድሜ እምቢ ብሏችኋል።» ያለፈውና የአሁኑ ጊዜ ተደበላለቀብኝ። «ለሕፃናት ነው የሚሠራ። እናቴ በመወልወያ ትለካለት ነበር። በሕይወት እያለ እሱ እምቢ አላችሁ። ሲሞት ወሰዳችሁት። ስሙን... ስሙን መልሱ።»

ባለ ግራጫው ሰው አልተቆጣም። እንዲያውም ያዘነልኝ መሰለ።

«ሐዘናችሁ ይገባናል» አለ። «ሆኖም ሚስተር ከድር ራሳቸው ፈቅደውልናል። እኔ እዚያ ነበርኩ።»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ተቀመጥ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ተነሱ። አውቶቡሱ እዚህ ላይ ያበቃል ብለው ለተሳፋሪ በሚናገሩበት ድምፅ ተናገሩ።

«ፈቅጃለሁ። ሰውየው እውነቱን ነው። ግን ያ ቤቴ ነው። እናንተ ለቅሶ የመጣችሁ እንግዶቼ ናችሁ። በቤቴ እንግዳ እምቢ አይባልም። ይሄ የእናንተ ቤት ነው። እዚህ እምቢ እላለሁ።»

«ሚስተር ከድር፣ ለብቻችን ብንነጋገር...»

«የምንነጋገረው የለም። ልጄ እምቢ ካለ እኔ ማን ነኝ እሺ የምል?»

እናቴ እንግሊዝኛውን ግማሹን እንኳ አልሰማችም። ግን ማንንም ሳትጠይቅ ተነሥታ ፎቶውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፣ በፎጣዋ ጠቀለለችው። ፕሮፌሰሩ አጠገብ ስትደርስ ቆማ በአማርኛ፣ «ለእርስዎ ግን አዝንልዎታለሁ» አለቻቸው። ምን አለች ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አልተረጎምኩላቸውም።

ዝናቡ ውስጥ ወጣን። አባቴ ቺፕስ ገዙልን፤ ኮምጣጤውን አብዝተው አስደረጉበት። ፌርማታው ሥር ቆመን በላን። እናቴ ነገሩን እንድነግራት ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ቺፕሷን ጨረሰች። አባቴ ግን አላናገሩኝም። ያን ቀን ብቻ አይደለም፤ እስከ ረመዳን ድረስ ከሰላምታ በቀር ቃል አልወጣቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጫማቸውን እያሰሩ፣ «ሁለታችሁም ዋሻችሁኝ» አሉ። ረመዳን ሲገባ፣ በመጀመሪያው ቀን ማፍጠሪያ ላይ፣ የመጀመሪያዋን ተምር ለእኔ ዘረጉልኝ። በዚያው አለፈ። አለፈ እንበል።

ሽልማቱ በሌላ ሰው ስም መሰጠቱን በኋላ ሰማሁ። ተማሪም አላጡም። ከአገር ሰው መሐል «ለአንድ የሐበሻ ልጅ ይደርሰው ነበር እኮ፣ ስሙንም አጠፋችሁት» ያሉን ነበሩ። እኔ እንዲህ ለሚለኝ አሁንም መልሴ አንድ ነው፤ ስሙ የሚጠፋው እዚያ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ነበር። የሕፃናቱን መሣሪያ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ሠርቶት ይሆናል፤ አላውቅም። እናቴ ግን ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከዚያ ክፍል ወለል ላይ ፕላስተር ስትጠርግ ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ በአባቴ በኩል አለፍኩ። እርጅና ተጭኗቸዋል፤ ከወንበራቸው እምብዛም አይነሱም። ካንቲን ያየሁትን ነገርኳቸው፤ ገንዘቡ እንደተጨመረ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ እንደተሰለፉ።

«ያኔ ቢነግረኝ፣ እሺ በል እለው ነበር ብለህ ታስባለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«እኔም አላውቅም። ስንት ዓመት አሰብኩት። አሁንም አላውቅም።» ብርድ ልብሳቸውን ሳቡ። «ቢነግረኝ ግን አብረን እናውቀው ነበር።»

ስለ ሚሳይሉ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ይላሉ። ለምን አንድ በረኛ ሁሌ ኳሱ የሚመጣበትን እየተነገረው እንደሚጨበጨብለት፣ ለምን ለሕፃናቱ ያልተገኘ ገንዘብ ለዚህ ሁሌ እንደሚገኝ ይጻፉ፤ እኔም አነባለሁ። የእኔ ነገር ትንሽ ናት። ያ ገንዘብ እምቢ ተብሎም፣ ደጃችንን ሳይረግጥም፣ ልጅን ከአባቱ አስሸሸ። አንዋር የቀሩትን ወራት አባቱ ፊት ዓይኑን እየሰበረ ነው የጨረሳቸው፤ አባቴም የልጃቸውን የመጨረሻ ጊዜ እንደ አባት ሳያገኙት ቀሩ። ሌላውን ሁሉ ለኩባንያው ሰዎች ይቅር ልላቸው እችል ይሆናል። ስለ እነዚያ ወራት ግን አልምራቸውም።